ሠላሳኛው ቅሬታ

«ለተከበራችሁ የመጠለያው ነዋሪዎች በሙሉ፤ ከማኅበረሰቡ በቀረበው ጥልቅ አስተያየት መሠረት፣ የቅሬታ መቀበያው ጃንጥላ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካንማ የተለወጠ መሆኑን፣ ጠረጴዛውም ከበሩ ግራ ወደ በሩ ቀኝ ሰባት እርምጃ የተዛወረ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን። ድምፃችሁ ይሰማል።»

ማስታወቂያው ማኅተም አርፎበት በሦስት ቦታ ተለጥፏል፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ የውኃ ታንከሩ ላይ፣ አንዱ ደግሞ የራሱ የጃንጥላው እንጨት ላይ። ከጃንጥላው ሥር የሚውለው ሰው ጠዋት ሲመጣ ሳያነበው ተቀምጦ አያውቅም፤ የገዛ ድርሰቱ ነውና ደስ ይለዋል። ዛሬ ግን ቀና ብሎም አላየው። ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። መዝገቡን ገለጠ፣ ባዶውን ገጽ አየ፣ ዘጋ። ከጠረጴዛው እስከ ዱቄት ማደያው ዳስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ካሁን በፊት ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ዛሬ አራት ጊዜ ቆጠረው። ሦስቱን ጊዜ አርባ ሁለት፣ በአራተኛው አርባ አራት ሆነበት።

የመጠለያው ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። ጆሮው ተራ ጆሮ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ማዕረግ አንድ ሙሉ መስመር ይፈጃል፤ ሲተረጎም ግን ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች በእርዳታ ድርጅቱ ላይ የሚያቀርቡትን ቅሬታ ተቀምጦ መስማትና መጻፍ ማለት ነው። ከሥራ ሁሉ የተከበረ ሥራ። እናቱ ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ የሰው ብሶት ሰሚ ሆነ» ብላ አውርታለች። የሚኖሩባትን አንድ ክፍል ኪራይና የእህቱን ትምህርት የሚሸፍነውም ይኸው መስማት ነው።

አስተባባሪው ከቢሮው ብቅ አለ። ደስ ሲለው በእግሩ ጣቶች የሚራመድ ወፍራም ሰው ነው። ዛሬ መሬት የነካው ከስንት አንዴ ነው።

«ወንድሜ፣ ከምሳ በኋላ ትደርሳለች» አለ። «መርማሪዋ። ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ እዚህ ድረስ። እስካሁን የላክነው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ጃንጥላ። ቀይ፣ ከባድ የሚባል ቅሬታ ልከን አናውቅም። አሁን ገና ሰው ሆንን።»

«ዱቄት ሰፋሪዋን ግን አነጋገራችኋት?»

«ከሥራ የታገደች ዕለት ደብዳቤ ደርሷታል።»

«ማለቴ… አነጋገራችኋት ወይ?»

«ደብዳቤው እኮ ‹በአክብሮት› ይላል።» አስተባባሪው ወደ ጆሮ ጠጋ አለ። «ቅሬታ አቅራቢው ግን ይገኛል፣ አይደል? ለእኔ ስሙን አትንገረኝ፤ ምስጢር ነው፣ ገብቶኛል። ለእሷ ግን ታገናኛታለህ። ሰውዬው እንዳይሸሽ ያዝልኝ።»

«አይሸሽም» አለ ጆሮ። ሰውየው ወዴት ሊሸሽ ይችላል፤ የቆመው በራሱ በጆሮ ጫማ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት፣ በጥሩ ሐሳብ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት በወር ሠላሳ ቅሬታ ይጠብቃል። ከሠላሳ ካነሰ ሕዝቡ ድርጅቱን አያምንም ማለት ነው፤ ካላመነ ደግሞ ጥፋቱ የሰሚው ነው። ጆሮ በመጀመሪያው ሳምንት እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቀ። ሰዎቹ መጡ። ሰላም አሉት፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ጃንጥላው እንደሚያምር ነገሩት። «ምን ችግር አለ?» ሲላቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነበራቸው።

«ምን ጎድሎብን። ተመስገን ነው።»

ከሁሉ የባሱት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በየቀኑ መጥተው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሆነ ነገር ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ «አባባ፣ ምን ልጻፍልዎ?» ሲላቸው «ምንም የለም» ብለው ተነሥተው ይሄዳሉ። በዚያው ‹አባባ ምንም የለም› ተብለው ቀሩ። ቅሬታ ያቀረበ ሰው ስሙ ከራሽን ዝርዝሩ ይሰረዛል የሚል ወሬ ነበር። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ማንም እንዳላስተባበለው ግን ይታወቃል።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው መዝገቡ ላይ የነበረው ሁለት ቅሬታ ነው፤ አንደኛውም የምስጋና ነበር። ያን ቀን ማታ ጆሮ አንገቱን ደፍቶ ራቱን ሲበላ እናቱ በሁለት ጉርሻ መካከል ሰባት ነገር አማረረች። የአውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ የለውም። ክሊኒኩ አግዳሚ ስለሌለው ወገቧ ተቆረጠ። ጎረቤት ያለው ድምፅ ማጉያ አንጎሏን አዞረው። ነፋሱ ሁልጊዜ ከግራ ነው የሚመጣው። ሰማያዊ ቀለም የሰው ፊት ያገረጣል። ጆሮ ቀና አለ። በቤቱ ውስጥ ይህን የመሰለ ሀብት እያለ እሱ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ሽማግሌ ይለምናል።

በሦስት ወር ውስጥ መጠለያው በእናቱ ብሶት ተለወጠ። ዱቄት ማደያው ላይ ዳስ ተሠራ። ለአረጋውያን አግዳሚ ተተከለ። ድምፅ ማጉያው ዝቅ አለ። ጃንጥላው ብርቱካንማ ሆነ፤ ጠረጴዛው ከነፋስ ሸሸ። ጆሮ ቅሬታዎቹን በየዓይነቱ ይጽፋቸው ነበር፤ አንዳንዱን በሽማግሌ አነጋገር፣ አንዳንዱን በእናት፣ አንዳንዱን በንዴት። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ጀማምሮት ነበር። ማን ተጎዳ? ማንም።

በሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን ግን አንድ ጎደለው። ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ቆመ። እናቱ ያን ሰሞን ስለ አንድ ባለሱቅ ብቻ ነበር የምታወራው፤ ስኳር ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ይጨምራል፣ የጣቱን ያህል ይሰርቃል እያለች። ጆሮ ሰዓቱን አየና ጻፈው። «ዱቄት የምትሰፍርልን ሴት አውራ ጣቷን ስፍሩ ውስጥ እያስገባች ታጎድልብናለች።» በቃ። የመኪናው ሹፌር ሞተር አስነሥቶ ሪፖርቱን እየጠበቀ ነበር። የዱቄት ነገር ቀይ መሆኑን፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ የተከሰሰው ሰው በዚያው ቀን እንደሚታገድ ጆሮ ያወቀው ከታገደች በኋላ ነው። ይኸው አሥራ ሁለት ቀኗ። በእነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት እሱም አንዲት መስመር መጻፍ አቃተው።

አምስተኛ ጊዜ መቁጠር ሲጀምር እግሩ ዳሱን አልፎ ሄደ።

የሰፋሪዋ ድንኳን አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። ሰው መጠየቅ ነበረበት። ሦስት ወር እዚህ ሲሠራ ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ አያውቅም፤ ቅሬታ ወደ ጠረጴዛ ይመጣል እንጂ ጠረጴዛ ወደ ቅሬታ አይሄድም። ደጃፏ ላይ ጆንያ እየሰፋች አገኛት። ሃምሳ የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ዓይኗን ከመርፌው የማትነቅል ሴት ናት።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ።»

«ጆሮ። ጠረጴዛህን የት ጥለኸው መጣህ? ወይስ እሱንም እንደገና አዛወሩት?»

ጆሮ የተዘጋጀበትን ንግግር ፈለገ። ሌሊቱን ሁሉ ሲያጠናው አድሮ ነበር፤ አሁን የቀረው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። «ስለዚያ ጉዳይ…»

«የምን ጉዳይ? ደብዳቤው ጉዳይ አይልም። ‹ላልተወሰነ ጊዜ› ነው የሚለው።» ተነሣች። «ላብ አጥምቆሃል፣ ውኃ ላምጣልህ።»

ኩባያውን ስታቀብለው ጆሮ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ኩባያውን የያዘችው በሌባ ጣቷና በመሐል ጣቷ መካከል ቆንጥጣ ነው። ከሌባ ጣቷ ጎን መሆን ያለበት ነገር የለም። ለስላሳ፣ የቆየ ጠባሳ ብቻ።

«አውራ ጣትዎ የለም» አለ።

«እኔም አስተውዬዋለሁ።»

ኩባያውን ተቀበለ። አልጠጣውም።

«ወፍጮ ቤት ነው» አለች ተመልሳ እየተቀመጠች። «ጎርፉ ሳይመጣ፣ ወፍጮ ቤት ነበር ሥራዬ። የሞተሩ ቀበቶ ወሰደው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እዚህ መጠለያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። ዱቄት የሚቀበሉት ከዚህ እጅ ነዋ።» መርፌውን ሳበች። «እና ደብዳቤው ሲነበብልኝ ‹አውራ ጣቷን› ሲል፣ ይህን ያለው ከእጄ ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ነው አልኩ። ወረፋ ቆሞ የማያውቅ ሰው።»

ጆሮ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

«ዳሱንስ ማን ጠየቀው?» ቀጠለች። «ፀሐይ ላይ ቆሜ ስሰፍር ከርሜ፣ አንድ ቀን አናጢ መጣ። ማን ጠየቀ ብንል ማንም። አግዳሚውም እንደዚያው። ‹ለመሆኑ ይቺ ወገቧን የሚያማት የማን እናት ናት› እያልን ስንሥቅ ነበር የምንከርመው።»

«የእኔ ናት» አለ ጆሮ። ከተናዘዘው ሁሉ መጀመሪያ የወጣው ይኸው ነበር።

ሰፋሪዋ ሣቀች፤ አጭር፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሣቅ። «ተሻላት?»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ እትዬ። ከምሳ በኋላ መርማሪ ትመጣለች። ቅሬታ አቅራቢ የሚባል እንደሌለ፣ እኔ እንደጻፍኩት እነግራታለሁ። እኔን ያባርሩኛል። እርስዎ ነገ ሥራዎ ላይ ነዎት።»

«ፋይሉስ?»

«ይዘጋል። የሐሰት ነዋ።»

«ይዘጋል» አለች ቃሉን እያላመጠች። «ስፍሩስ?»

«የቱ ስፍር?»

ማብራሪያ ሊሰጠው የማይገባውን ሰው በምታይበት ዓይን ነው ያየችው። ከዚያ ወደ ጆንያዋ ተመለሰች።

«ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ሥራው ምን እንደሆነ ግራ ገባው። ሲመለስ እግሩ ዳሱ ሥር አቆመው፤ የእደላ ቀን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረፋው ጫፍ ላይ ቆሞ አየ። የሰፋሪዋን ቦታ የተካው ወጣት ሥራውን ጠንቅቆ ይሠራል። በአዲሱ የብረት ስፍር፣ ያ የድርጅቱ አርማ ታቹ ላይ ተቀርጾ ከሁለት ወር በፊት የመጣው፣ ዱቄቱን ይዝቃል፤ ከዚያ በማስመሪያ አፉን ልክክ አድርጎ ይጠርገዋል። የተረፈው ወደ ጆንያው ይመለሳል። ልክ ነው። ንጹሕ ነው። ሰዎቹ ግን ማስመሪያው በስፍሩ አፍ ላይ ባለፈ ቁጥር ዓይናቸው አብሮት ይሄዳል።

አባባ ምንም የለም ድርሻቸውን ተቀብለው ሲመለሱ ከጆሮ ጋር ተገጣጠሙ። ከረጢታቸውን በአንድ እጃቸው ከፍ፣ ዝቅ አደረጉት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሷ ትቆልል ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ምንም የለም» ብለው አለፉ።

መርማሪዋ ከምሳ በኋላ ደረሰች። ረጅም፣ ፈጣን፣ ጉልበቷ ላይ ታብሌት ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ናት። ሰው ሁሉ ዳሱ ሥር ተሰበሰበ፤ አረጋውያኑ በጆሮ እናት ወገብ ምክንያት በተተከለው አግዳሚ ላይ፣ የቀረው መሬት ላይ። አስተባባሪው አንድ ንግግር አደረገ፤ ድምፁ ዝቅ በተደረገው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ገብቶ ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ጆሮ ዳሱን በያዘው ግንድ ተደግፎ ቆመ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ በውስጡ። ሦስት ቃል። ሌላ ሰው በቀን ሺህ ቃል ይናገራል።

«ቅሬታ ያቀረበው ሰው ማንነት ምስጢር ነው» አለች መርማሪዋ። «ማንም አያስገድደውም። ነገር ግን በራሱ ፈቃድ መናገር የሚፈልግ ከሆነ፣ እሰማለሁ።»

አስተባባሪው በቅንድቡ ጆሮን ጎተተው። ጆሮ ከግንዱ ተላቀቀ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፅ።

ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም። ከኋላ ረድፍ ሰፋሪዋ ነጠላ ጫማዋን እያስተካከለች ተነሣች።

«እርስዎ ነዎት ቅሬታውን ያቀረቡት?»

«አዎ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ሰፋሪዋ።»

«ሰፋሪዋ የትኛዋ ናት?»

«እኔ።»

መርማሪዋ ታብሌቷን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ እንደገና ታብሌቷን አየች። «በራስዎ ላይ ነው ያመለከቱት?»

«ይከለከላል?»

መርማሪዋ ወደ አስተባባሪው ዞረች። አስተባባሪው መመሪያውን ከቦርሳው አወጣ፤ ሰማንያ አራት ገጽ ነው። ማውጫውን በጣቱ ወረደበት፣ ወጣበት፣ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበ። ላቡን ጠረገ።

«አይልም» አለ።

«እሺ። እዚህ ላይ ግን ‹አውራ ጣቷን ስፍሩ ውስጥ እያስገባች› ይላል።»

ሰፋሪዋ ቀኝ እጇን አነሣች። ጣቶቿን ዘርግታ፣ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው። ሣቁ ከልጆቹ ተነሣ፤ ወደ እናቶቹ ተዛመተ፤ አግዳሚው ላይ ደረሰ። አባባ ምንም የለም ሲያስሉ ይሁን ሲሥቁ አልለየም። አስተባባሪው ያን እጅ አየው፤ ስምንት ወር ሙሉ በየወሩ ቅጹ ላይ የግራ አሻራዋን ሲያስደርጋት ለምን ግራ ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ተነበበ።

«ጣቱ ስህተት ነው» አለች ሰፋሪዋ ሣቁ ሲበርድ። «‹ይጎድላል› የሚለው ግን ልክ ነው። ስፍሩን መዝኑልኝ።»

«ራስዎ አመልክተው ከሆነ፣ እንዴት የሌለዎትን ጣት…»

«ቅሬታው የእኔ ነው ብያለሁ። ቅሬታ ከቀረበ ይጣራል ትላላችሁ። አጣሩልኝ።»

ሚዛን መጣ። ወጣቱ ሰፋሪ ስፍሩን ሞላ፣ በማስመሪያው ጠረገ፣ ሚዛኑ ሳህን ላይ ገለበጠ። አንድ ኪሎ መሆን ነበረበት። ስምንት መቶ ሰባ ግራም ሆነ። መርማሪዋ እንደገና አለች። ስምንት መቶ ሰባ። ሦስተኛውን ራሷ ሠፈረችው፤ ቀሚሷ ነጭ ሆነ፤ ስምንት መቶ ሰባ። ከዚያ ስፍሩን አንሥታ ወደ ውስጡ ተመለከተች፤ ጣቷን አስገብታ ታቹን ዳሰሰች። አርማው፣ ሁለት የተዘረጉ እጆች፣ በውጭ በኩል ጎድጎድ ብሎ እንዲታይ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነበር። እንደ ጉብታ። የጎደለውን ዱቄት ቦታ በሙሉ የያዘው ያ ጉብታ ነው።

አስተባባሪው ቀስ ብሎ፣ «አርማው ለታይነት ነው» አለ።

«አሮጌው ጣሳ ቀርቶ ይሄ ሲመጣ እጄ አወቀው» አለች ሰፋሪዋ። «ወፍጮ ቤት ስንት ዘመን ሠርቼ። ለአስተባባሪው ‹ይቀላል› ብለው ‹አዲስ ስለሆነ ነው› አለኝ። ስለዚህ ቆለልኩ። እኔ ስታገድ ማስመሪያ መጣ።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

ጆሮ ከግንዱ አንድ እርምጃ ርቆ እንደቆመ ነው። የተከፈተ አፉን ዘጋው። ተርፏል። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አይጠይቀውም። ቁጥር ሠላሳ ባለቤት አገኘ፣ ታብሌቱም ላይ ገባ። እናቱ ዛሬም ለሠፈሩ ታወራለች። ታዲያ ለምንድን ነው ደስ ያላለው? ጠዋት ባይቸኩል፣ «ስፍሩስ?» ስትለው ቆም ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ… እሱ ግን ሊናዘዝ ነበር የሄደው፤ የሚናዘዝ ሰው ለካ አይሰማም። ቢናገር ኖሮ ፋይሉ ተዘግቶ፣ ስፍሩ ከነአርማው ተወልውሎ ወደ መጋዘን ይመለስ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ሰው ቆሞ አገኘ። አባባ ምንም የለም ነበሩ። ከኋላቸው ሌላ፣ ከሌላው ኋላ ሌላ። ወረፋ።

«ጻፍ» አሉ ሽማግሌው።

«ምን ልጻፍ አባባ?»

«ብዙ ነው። መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ባዶውን ገጽ ገለጠና ቁጥር አንድ ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው የዓይን መድኃኒታቸው ሁልጊዜ በእደላ ቀን ስለሚሰጥ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው እንዳለባቸው ተናገሩ። ቀጥላ የመጣችው ሴት ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ «የመጸዳጃው በር ከውስጥ አይዘጋም። ልጄ እስኪመሽ ትይዘዋለች፣ ሲመሽ ደግሞ ትፈራለች» አለችው። እስክሪብቶው ቆመ። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠና ያህል ቅሬታ ሲፈጥር የመጸዳጃ በር አንድ ቀን በሐሳቡ አልመጣም። እናቱ ቤት መቀርቀሪያ አለ።

ጻፈ። እጁ እስኪዝል ጻፈ። ቃላቸው እንደ እሱ ድርሰት የተቃና አልነበረም፤ ይሰበራል፣ ይመለሳል፣ መሐል ላይ ይቀራል። አላቃናውም።

ሃያ አንደኛዋ ሰፋሪዋ ነበረች።

«እትዬ» አለ ሳይቀና። «ለምን አተረፉኝ?»

«ማን ነው አንተን ያተረፈ?»

«ስሜን መጥራት ይችሉ ነበር።»

«ጻፍ» አለች። «ሰው ከማገዳችሁ በፊት ጠርታችሁ አነጋግሩት። እጁን እዩት።»

ጻፈው። ነጥቡን ሲያስቀምጥ ቀና ቢል ሄዳለች።

የመርማሪዋ መኪና ሞተሩን አስነሣ። ጆሮ ገጹን አየ። ሃያ አንድ። ስፍሩ ሦስት ጊዜ ተመዝኗል፤ ወጣቱ ሠፍሯል፣ መርማሪዋ በገዛ እጇ ሠፍራለች፣ መጠለያው ሁሉ አይቷል። ከእንግዲህ ማንም ምንም ቢጽፍ ያ ጉብታ አይሸሸግም። ሰፋሪዋ ግን ያላለችውን ‹ብያለሁ› ብላ ስሟን የእሱ ድርሰት ላይ አኑራለታለች። ሃያ ሁለት ብሎ ጻፈ። አንድ መስመር ነበር። ከዘጠናው ሁሉ አጭሩ፣ ያላሳመረው። ገጹን ከመዝገቡ ገነጠለው።

ዳሱ አጠገብ እስከቆመው መኪና አርባ ሁለት እርምጃ ይሁን አርባ አራት አልቆጠረም።

መርማሪዋ በመኪናው መስኮት ተቀብላ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። አስተባባሪው በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበ፤ ከዚያ በእግሩ ጣቶች መቆሙን ተወ።

«‹የቅሬታ ተቀባዩ በሦስት ወር ውስጥ የተላኩትን ቅሬታዎች ራሱ ፈጥሮ ጽፏል፤ ቁጥር ሠላሳን ጨምሮ።›» መርማሪዋ ወረቀቱን አገላበጠችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅሬታ ነው።»

«ያቀረበው ማነው?»

«እኔ።»

«በማን ላይ?»

«በራሴ። አይከለከልም፤ መመሪያው ታይቷል።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከበሩ ወዲህ ወረፋው አልተበተነም፤ ሰዎቹ ጃንጥላው ሥር ባዶውን ወንበር እየጠበቁ ቆመዋል። መርማሪዋ ታብሌቷን ከቦርሳዋ መልሳ አወጣች፣ ከፈተች፣ የጻፈችውን ፈልጋ አገኘች፣ በጣቷ ነካችው።

«ቁጥር ሠላሳን አንተ ከጻፍከው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋ ለምን የእኔ ነው አለች? አንተስ እሷ ስትቆም ለምን ዝም አልክ? ይህን አሁን ታብራራልኛለህ።»

ጆሮ እስክሪብቶውን ከደነና ኪሱ ከተተው።

«አላብራራም» አለ። «የራሴን ጽፌያለሁ፤ የእሷን ከራሷ ይስሙ።»